ዓመቱ የተቆረጠበት ፎቶ

«እንደምን አደራችሁ! የዛሬውን ዜና ይዘን ቀርበናል…»

ድምፅ ማጉያው ከሰልፉ በላይ ሲያስተጋባ መርፌ ጥርሷን ነከሰች። የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆነች፣ ምላሷም ስለሚወጋ ነው መርፌ የሚሏት። ዜና አንባቢዋ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ሬዲዮ። ለትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ሁለቱም ተወዳድረው ሬዲዮ በአንድ ነጥብ በለጠቻት። በአንድ ነጥብ! ያውም ትንፋሽ እያጠራት አንብባ።

«ድምፅሽ ወርቅ ነው» ስትላት ከርማለች። ቃሉ ግን ጉሮሮዋን ቧጥጦ ነበር የሚወጣው።

ቅዳሜ እናቷ ሱቅ ውስጥ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ የአምናን ፈተና አብረው ሲሠሩ፣ ሬዲዮን ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ስትስቅ ፎቶ አንስታት ነበር። ትናንት ከሰዓት የፈተናው ዓመት የተጻፈበትን የፎቶውን ጫፍ ቆረጠችና ስሟ በሌለበት አካውንት የክፍሉ ግሩፕ ላይ ለቀቀችው። «የመጪው ሰኞ ፈተና እጇ ገብቷል። እኛ ፋራ ነን?» ብላ ጻፈችበት።

ወዲያው ደነገጠችና አጠፋችው። ከስልኳ ሲሰወር እፎይ አለች። ያጠፋችው ግን ለራሷ ብቻ ነበር፤ «ለሁሉም» የሚለውን አልነካችም።

ከሰልፍ በኋላ፣ ከኋላዋ የሚቀመጠው ቀልደኛ ስልኩን ደቀነባት። «አየሽ? ሬዲዮ ለካ ፈተናም ትቀበላለች! አራት ክፍል አዳርሷል።»

መርፌ ስልኩን ገፋ አደረገችው። «ውሸት ቢሆንስ?»

«ባክሽ፣ ፎቶ ይዋሻል እንዴ?»

ሳይቆይ ምክትል ርዕሰ መምህርቷ አስጠሯት። ሬዲዮ ቢሮው ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ነገሩ እስኪጣራ እሷ ማንበቧን ታቆማለች» አሉ ምክትሏ። «ሁለተኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ። ከነገ ጀምሮ ማይኩን ትይዣለሽ።»

የመርፌ ልብ ዘለለ። በደስታ መዝለሉን ስታውቅ ራሷን ጠላች።

«መርፌዬ፣ በናትሽ ንገሪያቸው» አለች ሬዲዮ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «የአምናው ነው አይደል? ፎቶውን ደግሞ ከስልክሽ ሰርቀው ነው። አንቺማ አታደርጊውም።»

መውጫው ይኸው፣ በገዛ ጓደኛዋ እጅ ተከፈተላት። አዎ፣ ሰርቀውኝ ነው ብትል ሁለቱም ይድናሉ።

«የአምናው ነው» አለች መርፌ። «ግን ማንም አልሰረቀኝም፣ ቲቸር።»

ከዚያ ዞራ ሬዲዮን አየቻት። «የቆረጥኩትም የለቀቅኩትም እኔ ነኝ።»