ዴርሊን ስንት አስወጣ?

ሎሎ ጂሜኔስ ሞቶ የተገኘው ማክሰኞ ማለዳ፣ ከአገዳው ማሳ ጥግ ባለው የቤዝቦል ሜዳ ላይ ነው። ተጫዋቾች ተራቸውን የሚጠብቁበት መጠለያ ደጃፍ፣ ከሲሚንቶው ደረጃ ትንሽ ራቅ ብሎ በጀርባው ተጋድሞ ነበር። የሎስ ሃቦስ መንደር ሰው ግር ብሎ ወጥቶ ሬሳውን ከበበው፤ ያለቀሰ ግን አልነበረም። ሎሎ በሕይወት ሳለ ልጆችን ገና በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ከእናታቸው እጅ ይቀበላል፣ መወርወርና መምታት ያስተምራል፣ ሲጎረምሱም ለአሜሪካ ክለቦች ያስፈርማል። ልጇ የተሳካለት እናት እጁን ትስመዋለች፤ ልጃቸው ያልተሳካላቸው አሥሩ ይረግሙታል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት አልቃሹ ጥቂት፣ ተጠርጣሪው ብዙ ነው።

መርማሪ ኢሲዶራ ፔገሮ ከሳን ፔድሮ ስትደርስ የመንደሩ ፖሊስ ሳጅን ፓውሊኖ ደረቱን ነፍቶ ጠበቃት።

«እመቤቴ፣ በከንቱ ተንገላቱ። ጉዳዩ አልቋል።»

«ማን ጨረሰው?»

«እኔ ነኛ! ልጁ ዋስካር ይባላል፤ የጸጉር አስተካካዩ የኔልሲዶ ልጅ። እሑድ ዕለት ሕዝብ በተሰበሰበበት ‹አንተ ሎሎ፣ አንድ ቀን አናትህን ባልፈልጠው!› ብሎ ዝቷል። ይኸው ፈለጠዋ።»

«ምን አድርጎት ነው?»

«የፈረስ መርፌ ወግቶት ነዋ! ጡንቻ ያወጣል ብሎ። ጡንቻውስ ወጣ፤ ትከሻው ግን እንክትክት አለ። አሁን በቀኝ እጁ ጸጉሩን እንኳ ማበጠር አይችልም።»

ኢሲዶራ ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ሲያወራ ከአፉ ይልቅ እጁን የምታይ ሴት ናት። ደሙ ያለው የደረጃው ጠርዝ ላይ ነበር። ሎሎ ግን ከዚያ ተነሥቶ ለስላሳው ሣር ላይ ተኝቷል፤ እግሮቹ ተገጥመዋል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ተደራርበዋል፣ ባርኔጣው ፊቱ ላይ ተደፍቷል። ሐኪሙ ሰውየው ሰኞ ሲመሽ መሞቱን ነግሯታል።

«ሳጅን፣ ሬሳውን ማን አስተካከለው?»

«ማንም አልነካውም። ራሴ ነኝ ያስጠበቅኩት።»

«ስለዚህ ይህ ሰው አልተፈለጠም። ተገፍቶ በጀርባው ወድቆ ነው የሞተው። የገፋውም ሰው ተሸክሞ ከደረጃው አንሥቶታል፤ እንደ ደንቡ ገንዞታል፤ ፊቱን ሸፍኖለታል። ባልፈልጠው ያለ ጎረምሳ እንዲህ ያደርጋል?»

«ዝንብ እንዳይወረው ይሆናላ።»

«አይደለም» አለች ኢሲዶራ ጉልበቷን እያራገፈች። «አፍሮ ነው።»

ፓውሊኖ ትከሻውን ነቀነቀ። ልጁ ሐሙስ ጠዋት ወደ አውራጃው እስር ቤት እንደሚላክ፣ ትእዛዙም እንደደረሰ ነገራት። ኢሲዶራ ያንን እስር ቤት ታውቀዋለች። በጎረምሳነቱ ገብቶ በጤናው የወጣ አላየችም፤ ስለዚህ የነበራት ጊዜ እስከ ረቡዕ ማታ ብቻ ነበር።

ዋስካርን በፖሊስ ጣቢያው የእስር ክፍል ወለል ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ቀኝ ትከሻው ወደ ታች አዘንብሏል።

«ሰኞ ሲመሽ የት ነበርክ?»

«ስዞር።»

«የት ስትዞር?»

«ስዞር አልኩ እኮ!»

ኢሲዶራ ግራ እጁን አየችው። የሁለቱ ጣቶቹ ጫፍ ውሃ ቋጥሮ ፈንድቷል፤ ኳስ አብዝቶ የወረወረ ሰው ጣት ነው።

«ግራኝ ነህ?»

ልጁ እጁን ቶሎ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ጆሮው ሳይቀር ቀላ።

«ገባኝ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስመጣ ከተዘጋው የስኳር ፋብሪካ ጀርባ የኳስ ምልክት ያለበት ግድግዳ አይቻለሁ። እዚያ ሰው አያይህም። በግራ እጅህ መወርወር እየተማርክ ነው።»

«ለማንም አይንገሩ» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «አሥር ወርውሬ ስምንቱ ግድግዳውን ይስታል። መሳቂያ ነው የምሆነው።»

«አንተ ልጅ፣ እስር ቤት ከመማቀቅ መሳቂያ መሆን አይሻልም?»

ዋስካር ትንሽ አሰበ። «አይሻልም» አለ።

ይህን ሲነጋገሩ አንድ ሸምገል ያለ ሰው በጨርቅ የታሰረ ድስት ይዞ ገባ። ነጭ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ፓውሊኖ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰውየው ዶን አንሴልሞ ፊፕስ ነበር፤ ፋብሪካው ሳይዘጋ የአገዳውን ባቡር ይነዳ የነበረ፣ አሁን ግን ሁሉም «የዴርሊን አባት» የሚለው። ዴርሊን ከዚህ መንደር ተነሥቶ አሜሪካ የደረሰ ብቸኛው ወርዋሪ ነው፤ በአንድ ትልቅ ክለብ ሥር ባሉት ታችኞቹ ሊጎች ይጫወታል ይባላል። ዶን አንሴልሞ ደግሞ የዋስካር የክርስትና አባት ነው።

«ሩዝና ባቄላ ነው። ልጁ እንዳይራብ ብዬ» አለ።

«እግዜር ይስጥዎ» አለች ኢሲዶራ። «ለደንቡ ያህል ሁሉንም እየጠየቅሁ ነው፤ ሰኞ ማታ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። የልጄን ጨዋታ በስልክ ስከታተል አመሸሁ። ሰባት ዙር ወርውሮ ዘጠኝ መቺ ከጨዋታ አስወጣ።»

«እሰይ! ያሳድግልዎ!» አለ ፓውሊኖ፤ ወዲያው ግን አቀረቀረ።

ዶን አንሴልሞ ድስቱን ከእስር ክፍሉ የብረት በር ሥር መሬት ላይ አኖረና ልጁን ቀና ብሎ ሳያይ ወጣ። ዋስካር ድስቱን አልነካውም።

«ድሮ ቁጭ ብለው ነበር የሚያበሉኝ» አለ። «ሎሎን እኔ የገደልኩት መስሏቸዋል።»

ሲመሽ ኢሲዶራ ወደ ዶኛ ካሲልዳ ሱቅ ሄደች። የመንደሩ ወንዶች ሁሉ ማታ ማታ የሚከማቹት እዚያ ነው፤ አንዱ ዶሚኖ ይጠፈጥፋል፣ አንዱ ሮም የሚሉትን የአገዳ አረቄ ይጠጣል፣ ሁሉም ይጮሃል። ከባንኮኒው በላይ የዴርሊን ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ሰኞ ማታ እዚህ ማን ማን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«ሰኞ?» አለች ካሲልዳ፤ ወፍራም፣ ምላሰኛ ሴት ናት። «ሰኞ ማን ይመጣል የኔ እመቤት! ሰኞ ወለሌን የማጥብበት ቀን ነው። እነዚህ ቦዘኔዎች ወሬ ከሌለ ዝር አይሉም።»

ወንዶቹ ቴሌቪዥኑ ላይ በታየ አንድ ውርወራ እየተጨቃጨቁ ነበር። ዳኛው ዓይኑ ታውሯል፣ አልታወረም፤ ኳሷ ከጉልበት በታች ነበረች፣ በላይ ነበረች፤ «አንተ ኳስ ታውቃለህ? አንተ የምታውቀው ፍየል ነው!» እየተባባሉ ጠረጴዛ ደበደቡ። ጸጉር አስተካካዩ ኔልሲዶ ብቻ ጥግ ይዞ ኩርምት ብሏል። ልጁ የታሰረበት ሰው ምን ይላል።

ዶን አንሴልሞ ሲገባ ጩኸቱ ቆመ። ካሲልዳ እንደ ልማዷ ጠየቀች፤

«ዶን አንሴልሞ፣ ዴርሊን ስንት አስወጣ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ! ጎሽ! የእናቱ ጡት የተባረከ ነው!» አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ከዚያም ሁሉም ወደ ዶሚኖአቸው አቀረቀሩ።

ኢሲዶራ ጠርሙሷን አስቀመጠችና ፊታቸውን ተራ በተራ አየች። በማያውቁት ሰው አንዲት ውርወራ ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ከተከራከሩት ወንዶች መካከል፣ አብሯቸው ያደገው ልጅ ዘጠኝ ሲያስወጣ ከማን ጋር ተጫወተ፣ ማን መታው፣ ማን አሸነፈ ብሎ የጠየቀ አንድ እንኳ አልነበረም። ስልክ ደግሞ በየኪሳቸው አለ።

ረቡዕ ማለዳ ወደ ዋና ከተማው ነዳች። የሎሎ መኖሪያ ቤት እዚያ ስለሆነ ቤተሰቡን መርዶ ማርዳት ነበረባት። በሩን የከፈተላት ረጅም ወጣት ነበር፤ ከየት መንደር እንደመጣች ስትነግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ብዙ አወሩ። ስትመለስ ወጣቱ ከኋላ ወንበር ፎጣ ተከናንቦ ተቀምጦ ነበር፤ ማን እንደሆነ ለፓውሊኖ እንኳ አልተናገረችም።

ማታ ሁሉንም በካሲልዳ ሱቅ ሰበሰበቻቸው። መኪናዋን ከደጁ አቆመች፤ መስኮቱ ተዘግቷል።

«ሎሎን የገደለውን አውቄዋለሁ» ብላ ጀመረች። «ገዳዩ ዋስካር አይደለም። ሎሎ ወፍራም ሰው ነበር። ከደረጃው አንሥቶ፣ ተሸክሞ፣ እንዲያ አስተካክሎ ለማስተኛት ሁለት ጤነኛ ክንድ ያስፈልጋል። የዋስካር አንዱ ክንድ ማበጠሪያ አያነሣም።»

ኔልሲዶ ከጥጉ ብድግ አለ። «ታዲያ ልጄን ለምን አትለቁትም!»

«ይለቀቃል። በዚያ ሰዓት የት እንደነበረም አውቃለሁ፤ እሱን ግን ለራሱ ትቼዋለሁ። ወደ ሌላው ልለፍ። ገዳዩ ሬሳ መገነዝ የሚያውቅ፣ በዕድሜ የበሰለ ሰው ነው። ጨካኝም አይደለም፤ ያደረገው ነገር አሳፍሮታል። እዚህ መንደር ከመጣሁ ወዲህ የታሰረውን ልጅ ቀና ብሎ ማየት ያቃተው አንድ ሰው ብቻ አየሁ። ለልጁ ምግብ ያመጣል፤ ግን መሬት ላይ አስቀምጦ ይሮጣል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ዶን አንሴልሞ፣ ዴርሊን ዘጠኝ ያስወጣው በየትኛው ቀን ነው?»

«ነግሬዎት የለም?»

«እነሱም ይስሙት።»

«ሰኞ» አለ ዶን አንሴልሞ። «ሰኞ ማታ።»

አንድ የዶሚኖ ጠጠር ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ያነሣው የለም። ኔልሲዶ ዓይኑን ጨፈነ። ሲናገር ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

«አበልጄ… ሰኞ ጨዋታ የለም። በታችኞቹ ሊጎች ሰኞ ሰኞ ቡድኖቹ ሁሉ ያርፋሉ። ይቅር ይበሉኝ። ልጄ ታስሮብኛል።»

«እውነቱን ነው» አለች ኢሲዶራ። «ሰኞ ጨዋታ ስለሌለ ነው ዶኛ ካሲልዳ ወለሏን የምታጥበው። ዶን አንሴልሞም ድሮ ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ግን ውሸት ሲለመድ ቀን አይመርጥም። ከዚህ በፊትም ልጅዎን በሰኞ አጫውተውት ይሆናል፤ ማንም አላረመዎትም። ሰኞ ማታ ቤትዎ አልነበሩም። ሎሎ ሜዳው ላይ ቀጥሮዎት ነበር፤ ሊነግርዎት የፈለገውም ስለ ዴርሊን…»

«እመቤቴ!»

ዶን አንሴልሞ ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

«ይሰሩኝ። እኔ ነኝ የገደልኩት። አንድ ጊዜ ገፋሁት፤ ወደቀ፤ አልተነሣም። ዋስካርን ሳያጣሩ አይወስዱትም፣ ይለቁታል ብዬ ነበር፤ ባይለቁት ሐሙስ ሳይነጋ እጄን ልሰጥ ነበር። ይኸው አመንኩ። ሌላውን ግን እዚህ አይናገሩብኝ። በእመቤታችን ይሁንብዎ፣ እዚህ አይናገሩ።»

ግድያውን በአንድ አፍ ያመነ ሰው ስለ ሌላው ነገር ሲለማመጥ ማየት ለኢሲዶራ ከበዳት። መናገሩ አስጠላት፤ ቀሪውን ተወችው።

ቀድማ የተናገረችው ካሲልዳ ናት። ያቺ ምላሰኛ ሴት ቃል እየቸገራት ነበር።

«ዶን አንሴልሞ… እኛ እናውቃለን።»

«ምኑን?»

«ዴርሊን መቀነሱን። ክለቡ እንዳሰናበተው። ከፋሲካ ጀምሮ እናውቃለን።»

ዶን አንሴልሞ አልገባውም። ወደ ኔልሲዶ ዞረ፤ ኔልሲዶ መሬት መሬት አየ። ወደ ፓውሊኖ ዞረ፤ ሳጅኑ ቆቡን በእጁ እያዞረ አቀረቀረ። ዶሚኖ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ዓይኑን የገጠመው አልተገኘም።

«ሁላችሁም?»

«ስልኩ ላይ ይወጣል እኮ፣ አበልጄ» አለ ኔልሲዶ። «የዚያኑ ቀን ነው ያየነው።»

«ሎሎ ‹ልጅህን እሑድ በመንደሩ በዓል ሰው ፊት አመጣዋለሁ› አለኝ» አለ ሽማግሌው፤ ለማንም የሚናገር አይመስልም። «‹ከአሜሪካ ከመጣ ጀምሮ ቤቴ አስጠልዬዋለሁ፣ እስከ መቼ ልደብቀው?› አለ። እስከ ገና ብቻ፣ አንድ መላ እስካገኝ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ። መንደሩ ከሚሰማ ብዬ… እናንተ እንዳትሰሙ ብዬ ነው እኮ የገፋሁት።» ቀና ብሎ አያቸው። «ካወቃችሁ ማታ ማታ ለምን ትጠይቁኝ ነበር?»

ካሲልዳ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ፣

«እንዳያፍሩ ብለን ነው» አለች።

ዶን አንሴልሞ ወንበሩ ላይ ተመለሰና ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። ኔልሲዶ ቀርቦ ትከሻውን ሊይዘው እጁን ሰነዘረ፤ ሳይነካው መለሰው።

«ዴርሊን ደጅ ነው፤ መኪናዬ ውስጥ» አለች ኢሲዶራ ቀስ ብላ። «ሰው ሲበተን እገባለሁ ብሏል።»

ይህን ሲሰሙ ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሡ። በደጁ በር የወጣ አልነበረም፤ ልጁን ላለማየት፣ ወይም ልጁ እንዳያያቸው፣ ሁሉም በሮም ሳጥኖቹ መካከል እየተሹለኮለኩ በጓሮው በር ወጡ። መጨረሻ ላይ ፓውሊኖና ኔልሲዶ ዋስካርን ሊፈቱ ሄዱ።

ኢሲዶራ ሱቁ መሐል ከሽማግሌው ጋር ብቻዋን ቀረች። መንደሩ የዴርሊንን ነገር ማወቁን ገና ማክሰኞ ማታ ጠርጥራ ነበር። ሽማግሌውን ቤቱ ሄዳ ለብቻው ብትጠይቀው ኖሮ እዚያው ያምን ነበር፤ እሷ ግን ሰው ሰብስቦ ማስረዳት ደስ ይላታል፣ ሁልጊዜም ደስ ይላት ነበር። አሁን ፊቷ ሲግል ተሰማት። የደንቡን ለማድረግ ካቴናውን ከወገቧ ፈታ ወደ ዶን አንሴልሞ ቀረበች። እጆቹን ለማሰር ከፊቱ ላይ ማንሣት ነበረባት። ትንሽ ቆማ አየችው፤ ከዚያ ካቴናውን ኪሷ ውስጥ ከታ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች፣ ጀርባዋን ሰጥታው።