የመረዋው ጀርባ

በጼዴና መንግሥት ፀሐይ ስትጠልቅ መረዋ፣ የድንጋዩ ደወል፣ ይመታል። ጦርነት ቢሆን፣ ቸነፈር ቢሆን፣ ንጉሥ ቢሞት ይመታል። በዚያ ምሽት ግን ሳይመታ ቀረ። ከብቶቹ በረት አንገባም ብለው ገገሙ፤ ውሾቹ እያላዘኑ አመሹ፤ ከቀርነ ደመና ተራራ ላይ ጉሙ እንደ ፈላ ወተት ገንፍሎ ወረደ። ሲነጋ የሐመራ ከተማ ሕዝብ ወደ ደብሩ ቢወጣ፣ መረዋው ከተሰቀለበት ዓምድ ላይ የለም። የወይራ መምቻው መሬት ላይ ወድቋል።

የጼዴናን ጠብ ለማወቅ መረዋውን ማወቅ ያስፈልጋል። ወንጌልን ለዚያ አገር ያመጡት አባ ሐዋዝ ሊያርፉ ሲሉ አንድ የሚጮህ ድንጋይ ጠርበው አንዲት ቃል ቀረጹበት፤ «ይሰማል» የምትል። ጻፉና ዐረፉ። እንዴት እንደምትነበብ ቢናገሩ ምን ነበረበት? ላልታ ስትነበብ፣ እግዚአብሔር የሰውን ጩኸት ያዳምጣል ማለት ናት። ጠብቃ ስትነበብ፣ የእግዚአብሔር ድምፅ ለሰው ይደርሳል ማለት ናት። ፊደል ደግሞ መላላትና መጥበቅን አይጽፍ! በዚህች የተነሣ አገሩ ሆድና ጀርባ ሆነ። ቤተ ላሎ «እርሱ ካዳመጠ እኛ እንናገር» ብለው ከጧት እስከ ማታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይጸልያሉ። ቤተ ጠብቆ «እርሱ ከተናገረ እኛ ዝም እንበል» ብለው በጆሯቸው ይጸልያሉ። አንድ ክርስቶስ፣ አንድ ጥምቀት፣ አንድ ጣሪያ፤ በመካከሉ ግን ግንብ አቁመዋል። መረዋው ግንቡ ከሚጀምርበት ዓምድ ላይ ጀርባው ተጣብቆ ለሁለቱም ይመታ ነበር።

ድንጋዩ የተጠረበው ያለ ምክንያት አልነበረም። በቀርነ ደመና ዋሻ ጉምጉም የሚባል አውሬ ይኖራል። ሥጋ አይበላም፤ ሐሜት ነው የሚበላው። ጉም ለብሶ ይመጣና በምታውቀው ሰው ድምፅ ጆሮህ ሥር ሹክ ይልሃል። የሆነውን ሳይሆን የፈራኸውን ይነግርሃል፤ ካመንከው እርሱ ይወፍራል፣ አንተ ትከሳለህ። የሚፈራው የመረዋውን ድምፅ ብቻ ነው።

የመረዋው መቺ ድንበሩ ይባላል። ከቤተ ላሎ ተወልዶ የቤተ ጠብቆን ልጅ ያገባ ሰው ስለሆነ ሁለቱም ወገን በጎሪጥ ያየዋል። እነሆ ሁለቱ ቤቶች ከስንት ዘመን በኋላ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሌባው ድንበሩ ነው። በሰንሰለት አስረው ከንግሥት ማርዳ ፊት አቆሙት። ንግሥቲቱ የሁለቱን ቤቶች አለቆች ተራ በተራ አየቻቸው፤ ሁለቱም ዓይናቸውን ሰበሩ። ከንግሥቲቱ ሌላ ይህን ያየችው የድንበሩ ልጅ ትርሲት ብቻ ነበረች።

«የጼዴና ሰዎች፣ ስሙ» አለች ንግሥቲቱ። «የመስቀል ደመራ ሳይለኮስ መረዋው ከዓምዱ ካልተመለሰ፣ ድንበሩ እንደ ሕጋችን ከገደሉ ይወረወራል። ፍርዱ ለእኔም መራራ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ቤቶች በአንድ አፍ የመሰከሩበትን ሰው ዙፋኑ ሊያድነው አይችልም።»

ትርሲት የአባቷን መምቻ ከመሬት አነሣችና ተንበረከከች። «አባ ሐዋዝ በተከሉት መስቀል እምላለሁ፤ መረዋውን ሳልይዝ ብመለስ እኔም ከአባቴ ጋር ልወርወር» አለች።

የቤተ ጠብቆ አለቃ ወዲያው ተነሡ። የላሎዎች ልጅ ብቻዋን ከሄደች ድንጋዩን እዚያው ቀብራ ትመጣለች፤ ስለዚህ የእኛ ሰው ይከተላት አሉ። የሰጧት በጽሐ የሚባለውን ዘብ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ መረዋው በጠፋበት ምሽት ደብሩን ይጠብቅ የነበረ ሰው። ድንበሩ ልጁን ሲሰናበት ሁለት ድብልብል ሰም ሰጣት። መረዋ ሲመታ መቺው እንዳይደነቁር ጆሮውን በሰም ይደፍናል፤ የአባት ወጉ ነው።

«አባዬ፣ ይሄን ሰውዬ ልመነው?» አለችው በጆሮው።

«እኔ ምን አውቄ» አለ ድንበሩ። «እናትሽን ሳገባ ማንንም አልጠየቅሁም።»

ይህ ለትርሲት መልስ አልሆናትም። እርሷ ያደገችው አክስቷ ዘንድ ነው፤ የአክስቷ ትምህርት ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፦ ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር። ስለዚህ መንገዱን ሁሉ ጠረጠረች። በጽሐ ፊት ከሄደ ወደ ወጥመድ ሊመራኝ ነው አለች፤ ኋላ ከቀረ ጀርባዬን ሊወጋ ነው አለች። ጎህ ሲቀድ ጆሮውን ከአለት ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፍኖ ያገኘችው ጊዜማ፣ ከአውሬው ጋር ይመካከራል ብላ ቢላዋዋን ከቀሚሷ ሥር አዘዋወረች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየጸለይሁ።»

«ከድንጋይ ጋር?»

«እርሱ በፈለገው ይናገራል» አለና አቧራውን ከጆሮው አራገፈ።

መረዋውን ሊጭኑባት ያመጧትን በቅሎ ውኃ ሊያጠጡ ከወንዝ ዳር ሲቆሙ ትርሲት አልቻለችም፤ ቤተ ላሎ ዝምታ አይችልበትም። «በዚያ ምሽት ዘብ አንተ ነበርክ። ምን አየህ?»

በጽሐ በቅሎዋን ወደ ውኃው ሳባት።

«አለቃህ እንዳትናገር አስምለውሃል?»

አሁንም ዝም አለ። ዝም ማለቱ መልስ ሆናት። «ለዚህ ነው እናንተን የማልወዳችሁ! ሰው ሲታረድ ዝም፣ አባቴ በሰንሰለት ሲታሰር ዝም፣ ከዚያ ጽድቅ ነው ትሉታላችሁ። ሁለት መሆናችን እኮ ነው ያጠፋን። አንድ ብንሆን ኖሮ ጉምጉም ከየት ይገባ ነበር?»

በጽሐ ወንዙን አየ፤ ከዚያ በመንገዱ ሁሉ ያልተናገረውን ያህል ተናገረ። «ወንዝ ሁለት ዳር ባይኖረው ረግረግ ይሆን ነበር። እናንተ ባትጮሁ እኛ ዝም ማለታችን እንቅልፍ ይሆን ነበር። እኛ ዝም ባንል እናንተ ራሳችሁን ብቻ ታዳምጡ ነበር። መለያየቱ አይደለም የገደለን።»

«ዳርና ዳር ቆመው ውኃውን ከረሱትስ?»

በጽሐ የበቅሎዋን ልጓም ይዞ መንገዱን ቀጠለ። ትርሲት ግን አፉን ሲያሳምር ይበልጥ ጠረጠረችው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ።

ዋሻው አፍ ሲደርሱ በቅሎዋ አልገባም ብላ ቆመች፤ ትተዋት ገቡ። ቀትር ቢሆንም ጉሙ ፀሐይን ውጦ ነበር። ከውስጥ የሚንሾካሾክ የሺህ ሰው ድምፅ ይመጣል፤ ከሐመራ ጓዳ የወጣ ሐሜት ሁሉ እዚያ ተጠራቅሟል። መረዋው ከዋሻው ወለል መካከል ከሁለት አለት ጋር ተደግፎ ቆሟል። ጉምጉም በዙሪያው ተጠምጥሟል፤ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ፊት የሌለው፣ አፉ ግን በየቦታው የሆነ ፍጥረት።

ትርሲት አንድ እርምጃ ስትራመድ የአባቷ ድምፅ ጆሮዋ ሥር መጣ። «ልጄ፣ አብሮሽ የላኩት ሰው ሊገድልሽ ነው። ለምን ዝም እንዳለ አልገባሽም?» ቀጥሎ የአክስቷ ድምፅ፣ «ያልጠረጠረ» እያለ። ቀጥሎ የራሷ ድምፅ መጣ፤ እርሱ ነው ያሸነፋት። መምቻው ከእጇ ወደቀ፤ ጉሙም እስከ አንገቷ ወጣ። እጆቿ የእርሷ አልነበሩም። ዓይኗ ብቻ ያያል።

በጽሐ ጎንበስ ብሎ ቀረባት። እጁን በወገቧ ወዳለው ቋጠሮ ሰደደ። ሰሙን አወጣ።

ይኸው ሌባው፣ አለች በልቧ። የጆሮዬን መከለያ ሰርቆ እኔን ሊተወኝ ነው። ቢላዋዋን ልትመዝዝ ታገለች፤ ጣቷ ግን አልታዘዘም። ጉምጉም ይህን ሲሰማ በደስታ አበጠ።

በጽሐ ሰሙን በመዳፉ አሸ፤ ለሰለሰ። ከዚያ አንዱን በቀኝ ጆሮዋ፣ አንዱን በግራ ጆሮዋ ደፈነላት። ዓለም ጸጥ አለች። ሹክሹክታው ሁሉ ከእርሷ ተቆረጠ። የእርሱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ ምን እንዳለ አልሰማችም። መምቻውን አነሣና ሄደ። ቤተ ጠብቆ ነው፤ ሃይማኖቱ፣ ጸሎቱ፣ ተስፋው በጆሮው ነው። ባዶ ጆሮውን ይዞ፣ ሹክሹክታውን እየሰማ ሳያምነው፣ ከድንጋዩ አጠገብ ቆመና ባለ በሌለ ኃይሉ መታው።

ትርሲት ድምፁን በአጥንቷ ነው የሰማችው። በጽሐ ደግሞ ደጋግሞ መታ። ጉምጉም አፎቹን ሁሉ ከፍቶ ተወራጨ፤ እንደ በሰበሰ ጨርቅ ተተረተረና በዋሻው አፍ በኩል ተኖ ጠፋ። ትርሲት ከዚያ ሰው ጋር አብራ መጥታ እስከዚያች ሰዓት ክፉ ያሰበችበትን እያስታወሰች አለቀሰች። ሮጣ ስትይዘው በጽሐ ከሁለት ጆሮው ደም ይወርዳል። ሰሙን ከጆሮዋ አወጣችና «ወንድሜ! ወንድሜ!» አለችው።

ከንፈሯን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ምንም» አለ። እየጮኸ እንደሆነ አላወቀም። «ምንም የለም፤ ጭር ብሏል።»

«ለምን አንዱን ለራስህ አላደረግህም?» እያለች ጆሮውንና ሰሙን በጣቷ አመለከተችው።

«አንዱ ጆሮሽ ክፍት ቢሆን ይገባ ነበር» አለ። «ደግሞ አባትሽ ሲጠራሽ መስማት አለብሽ።»

መረዋውን ከአለቱ አላቀው በቅሎዋ ላይ ሊጭኑ ሲገለብጡት ሁለቱም ደርቀው ቀሩ። ከዓምዱ ተጣብቆ የኖረው፣ ማንም አይቶት የማያውቀው የመረዋው ጀርባ ላይ በዚያው በአባ ሐዋዝ እጅ «ይሰማል» ተብሎ ተጽፏል። ከፊትም ይሰማል፣ ከኋላም ይሰማል። ሰው አንዲትን ቃል ሁለት ጊዜ የሚጽፈው ሁለት ነገር ሲኖረው ነው። ስንት ዘመን የተጣሉት ድንጋዩን ዞር አድርጎ የሚያይ አንድ ሰው ጠፍቶ ነበር።

ሐመራ ሲገቡ ደመራው ተደምሯል፤ ችቦው ተዘጋጅቷል። ድንበሩ ከገደሉ አፋፍ ቆሟል። ሕዝቡ መረዋውን ሲያይ እልል አለ። የቤተ ላሎ አለቃ ግን ፈጥነው፣ «መምጣቱ መልካም፤ የሰረቀው ግን አሁንም ድንበሩ ነው» አሉ። የቤተ ጠብቆውም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትርሲት ልትናገር አፏን ስትከፍት በጽሐ እጇን ያዛት። የተባለውን አልሰማም፤ ፊታቸውን ግን አይቷል። ወደ ንግሥቲቱ ዞረና ዕድሜውን ሙሉ ዝም ያለው ሰው አፉን ከፈተ። ድምፁን መመጠን ስለማይችል ገደሉ ጭምር አስተጋባው።

«ንግሥት ሆይ፣ በሕያው እግዚአብሔር ስም እመሰክራለሁ! መረዋውን የሰረቀ ሰው የለም። በዚያ ምሽት ሁለቱ አለቆች ድንበሩን አባረው፣ ዛሬ የእኛ በዓል ነው፣ የምንመታውም እኛ ነን እያሉ መምቻውን ሲጓተቱ ፀሐይ ጠለቀች። ሳይመታ ቀረ፤ ጉሙ መጣና ወሰደው። አየሁ፤ ዝም በል አሉኝ፤ ዝም አልሁ። ዝምታዬ ጸሎት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር!»

ንግሥት ማርዳ ከዙፋኗ ወርዳ የድንበሩን ሰንሰለት በገዛ እጇ ፈታች። ሁለቱ አለቆች ያን ቀን መስቀል ሳይሳለሙ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ቤቶች አንድ ሆኑ የሚል ካለ ዋሽቷል። ግንቡ ዛሬም አለ። ንግሥቲቱ መካከሉን አስፈርሳ በር አወጣችለትና መረዋውን ሁለት ፊቱ እንዲታይ በበሩ ላይ ሰቀለችው። ሳምንት ሳይሞላ ሊቃውንቱ «ፊቱ የትኛው ነው? የላላው የቱ፣ የጠበቀው የቱ?» ብለው አዲስ ክርክር ጀመሩ። ይሁን። ሲከራከሩ በበሩ ይገባሉ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን መምቻውን የሚነካ የለም፤ እርሱ የድንበሩ ነው።

ትርሲት አመሻሽ ላይ ወደ ቤተ ጠብቆ ወገን ትሻገርና ከበጽሐ አጠገብ ትቀመጣለች። አንድ ቀን «ትርሲት፣ ከእንግዲህ ምኔን ይዤ ልጸልይ?» አላት። ጎንበስ ብላ በአቧራው ላይ በጣቷ «ይሰማል» ብላ ጻፈችለት።

በጽሐ አየው፤ አየው። «ላልቶ ነው ጠብቆ?» አለ።

ትርሲት ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ። መዳፉን ይዛ ከበሩ ዓምድ ላይ አኖረችው። ከላይ አባቷ ጆሮውን በሰም ደፍኖ መምቻውን አነሣና መታ። የድንጋዩ ንዝረት በዓምዱ ወርዶ በበጽሐ መዳፍ ውስጥ ገባ፤ ትከሻው ደነገጠ። እጁን ሳያነሣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይሰማል» አለ፤ ሁለቱም ወገን ዞሮ እስኪያየው ድረስ ጮክ ብሎ።

ላልቶ ይሁን ጠብቆ፣ ትርሲት ልብ አላለችም።