ሳልነፋው የሚሞቀው ባስ ክላርኔት

ያን ቀን አራት ነበርን። እኔ ቢልልኝ፣ የባንዱ መሪ ጊዲ፣ ክላርኔት የምትጫወተው ሊታልና እናቴ ካሳነሽ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እስራኤል፣ ቤርሼቫ ከተማ ውስጥ። ፀሐይዋ ገና ታቃጥል ነበር።

የማያምነኝ ይኖራል፤ አልፈርድበትም። እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ግን ሆኗል። ሊታል በሕይወት አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ክላርኔቷን ነክታ አታውቅም።

የምንለማመደው በሰፈራችን ሚክላት ውስጥ ነው። ሮኬት ሲተኮስ የምንገባበት፣ ከመሬት በታች ያለ ክፍል ማለቴ ነው። ሰላም በሆነ ቀን ባንዱ ይጠቀምበታል። ግድግዳው ወፍራም ነው። የውጭ ድምፅ አይገባም፤ የውስጡም አይወጣም።

እናቴ የመጣችው ለሙዚቃው አልነበረም። የቤታችን ማዝጋን፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ተበላሽቶ ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏት ነው። የሚክላቱ ማዝጋን እንደ በረዶ ያቀዘቅዛል።

ከጎንደር ስንመጣ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አሁንም ሁለታችን ብቻ ነን። ከእሷ ሌላ ሰው የለኝም።

ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

እኔ ሁለት መሣሪያ እጫወታለሁ። ትንሿ ክላርኔት ጠበቅ ያለ ከንፈርና ቀጭን ትንፋሽ ትፈልጋለች። ባስ ክላርኔት ግን ትልቅ ነው፤ በብረት እግሩ ወለሉ ላይ ይቆማል። እሱ ላላ ያለ ከንፈርና ብዙ ትንፋሽ ይወስዳል። በአንድ ዜማ መሀል አንዱን አስቀምጬ ሌላውን አነሳለሁ።

የተቀመጠው ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ክላርኔት ደግሞ ድምፁ ይወርዳል። ስለዚህ ተራው ከመድረሱ በፊት ድምፅ ሳናወጣ በትንፋሻችን እናሞቀዋለን።

ባሱ የፕኒና ነበር። ለብዙ ዓመት ከባንዱ ጋር የተጫወተች ሴት ናት። በፋሲካ ሰሞን ትንፋሽ አጥሯት ሞተች፤ ልጆቿም መሣሪያውን ለባንዱ ሰጡ።

የክላርኔት አፍ ላይ የምትታሰር ቀጭን ሸምበቆ አለች። ድምፅ የምትሰጠው እሷ ናት። ሁሉም የራሱን ያስራል እንጂ የሌላ ሰው ሸምበቆ አይነፋም። እኔ ግን ጊዲን አዲስ ስጠኝ ማለት አፈርኩ። የፕኒናን ሸምበቆ በውሃ አጥቤ እዚያው ተውኳት።

ልምምዱ ተጀመረ። መጀመሪያ ትንሿን ነፋሁ። ከዚያ ወደ ባሱ ዞርኩ። ላሞቀው ከንፈሬን አስጠጋሁ።

ሞቆ ነበር...

ሸምበቆዋም እርጥብ ነበረች።

"ሊታል" አልኳት በሹክሹክታ። "ባሱን ነፍተሽዋል?"

"ማ ፒትኦም! በጭራሽ! አንተ የላስከውን ነገር?" አፍንጫዋን ሸበሸበች።

"ረጋ፣ ረጋ!" አለ ጊዲ። "ሠርጋችሁን ከልምምድ በኋላ ተነጋገሩ!"

ሊታል ሳቀች። እኔ ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ባሱን ነፋሁ።

ከዚያ ወደ ትንሿ ተመለስኩ።

እየነፋሁ ከጎኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም... ዝግ ያለ... ከወለሉ ሥር የሚመጣ የሚመስል።

እናቴ አሳላት። ድምፁ ቆመ።

"እማዬ፣ ምነው?"

"ምንም አይደል ልጄ። ትንፋሼ ቁርጥ አለብኝ። ቅዝቃዜው ነው። አንተ ተጫወት።"

"ቢልልኝ፣ ቀጥል!" አለኝ ጊዲ።

ቀጠልኩ። አሁን ድምፁ ግልጽ ነበር። ባሱ ከጎኔ ቆሞ የራሱን ዜማ እየተጫወተ ነበር። ማንም አልያዘውም። ቁልፎቹ አይንቀሳቀሱም።

ሊታል ክላርኔቷን ከአፏ አወረደች። የጊዲ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እናቴን አየኋት።

አፏ ተከፍቷል። ደረቷ ይወርዳል... ይወርዳል...

አይነሳም።

ትንሿን ጥዬ ባሱን ያዝኩ፤ ከንፈሬንም ጫንኩበት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ አላውቅም። በኃይል ነፋሁ።

እናቴ "ህህ!" ብላ አየር ሳበች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ባሱ ትንፋሽ ይፈልጋል። እኔ ስነፋው የእኔን ይወስዳል። እኔ ስተወው...

ጊዲ አምቡላንስ ሊጠራ ወደ ላይ ሮጠ። ስልክ ከታች አይሠራም።

ነፋሁ። ጎኔን ወጋኝ፤ ዓይኔ ጨለመ። ግን እኔም መተንፈስ ነበረብኝ። አየር ለመሳብ ከንፈሬን ባላቀቅኩ ቁጥር ባሱ ሳያቋርጥ ይቀጥላል። የእናቴም ደረት ይወርዳል።

"አብደሃል?" ሊታል ጮኸች። "እናትህ እየሞተች ሙዚቃ ትነፋለህ?"

ልነግራት አልቻልኩም። አፌ ተይዟል። በዓይኔ ለመንኳት።

"እማማ ካሳነሽ! እማማ!" እያለች ወደ እናቴ ሮጠች፤ ቀና አደረገቻት። ተመልሳ መጣች። "ተው! ና ያዛት!"

ባሱን ከእጄ ነጥቃ ወረወረችው። ግድግዳው ላይ ተላተመ። ሸምበቆዋ ለሁለት ተሰነጠቀች።

ድምፁ ቆመ።

ሚክላቱ ጸጥ አለ... እናቴ ራሷን ወደ ግድግዳው አስደግፋለች፤ ዓይኗ ክፍት ነው። ፊቷ ላይ ሕመም አይታይም። ተረፈች ብዬ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

የአምቡላንሱ ሰው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቶ ደረቷ ላይ አስቀመጠ።

አዳመጠ።

ፊቱ ተለወጠ። ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣና ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ አየ። መልሶ ሰካው።

"ማነው የሚነፋው?" አለ ቀስ ብሎ።

 በክፍሉ ውስጥ ምንም ድምፅ አልነበረም።

እናቴ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። በማግስቱ ከቀትር በፊት ቀበርናት።