ገጽ ዘጠኝ እና ገጽ ስልሳ አንድ

የጋውኑ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው። ከኮሌጁ መዝገብ የተገለበጠው ወረቀት በግራ እጅጌው እጥፋት ውስጥ ተሰፍቷል፤ በጥቁር ክር፣ ጠበቅ ባለ ስፌት።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። በኮሌጁ አዳራሽ መግቢያ ላይ ተመራቂዎች ጋውን ሊወስዱ ተሰልፈዋል። አንዱ ቆቡን ደፍቶ ራሱን ፎቶ ያነሳል። አንዷ «ይሄ ጋውን ነው ድንኳን?» እያለች ታማርራለች። ከባንኮኒው ጀርባ ያለችው ሴት ፈገግ ብላ አነስ ያለ ትፈልግላታለች። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ በምረቃ ሳምንት ግን ሁሉም ሁሉን ይሠራል። ይህን ከመቀጠሯ በፊት አጥንታዋለች።

ሰልፉ ውስጥ ጃንጥላ የያዘ፣ የግራ ጆሮው ጫፍ የተቆረጠ ሸምገል ያለ ሰው አለ። ሰማዩ ጥርት ብሏል።

«የልጄን ጋውን ልወስድ ነበር። ረዘመባት።»

«እጅጌውን ማጠፍ ነው፣ ጋሼ።»

«የቱን?»

«ግራውን።»

የይለፍ ቃሉ ይኸው ነበር። ጋውኑን አጣጥፋ አቀበለችው። ሰውየው ልጅ የለውም። እሷ በምስጢር በምትሠራለት የምርመራ ቢሮ «አናጢው» ይሉታል። የመለመላት፣ ያሠለጠናት፣ ከስምንት ወር በፊት ወደዚህ ኮሌጅ ያስገባት እሱ ነው። የምስጢር ስሟንም ያወጣው እሱ ነው። «ምንጣፍ» አላት። «ሁሉም ይረግጥሻል፣ ማንም አያይሽም» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሊፈርም ጎንበስ ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የማኔጅመንቱስ? የሰባተኛው ዓመት ገጽ?»

«ትእዛዙ የማደንዘዣው ነው።»

«ትእዛዙን የምሰጠው እኔ ነኝ። ከቅዳሜ በፊት አምጪው።»

ጃንጥላውን አንስቶ ሄደ። አስተያየቱ ደስ አላላትም።

ቢሮው የሚፈልገው ላልተማረ ሰው ዲፕሎማ የሚሰጥ ኮሌጅ መያዝ ነው። እሷ የምትፈልገው ሌላ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ታናሽ እህቷ ትርፍ አንጀቷን ልታስወጣ ሆስፒታል ገባች። «እሁድ ለምሳ ካልደረስኩ ድርሻዬን እንዳትነኩ» ብላ እየቀለደች ነበር የገባችው። ማደንዘዣ የሰጣት ልጅ መጠኑን አያውቀውም ነበር። አልነቃችም። ልጁ በዚያው ሳምንት ጠፋ። ዲፕሎማው ግን በመስታወት ተሰቅሎ ግድግዳው ላይ ቀረ፤ ማኅተሙ የዚህ ኮሌጅ፣ ፊርማው በአረንጓዴ ቀለም የመስራቹ።

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ስምንት ወር ሙሉ ለዚያ ሰውዬ በየጠዋቱ እጅ ነስታለች። በየጠዋቱም እጁን ስታይ እጁ ተይዞ ሲወጣ እየታያት ነው።

መስራቹ ከሰዓት በኋላ አስጠራት።

የመስራቹ ቢሮ ሰፊ ነው። ግድግዳው ላይ ኮሌጁ የተጀመረበት ቤት ፎቶ አለ፤ ከጎማ ጥገና በላይ ሁለት ክፍል፣ አሥራ ሰባት ተማሪ፣ አራት የጽሕፈት መኪና። ዛሬ አምስት ፎቅ ነው። ነርሲንግ አለ፣ ፋርማሲ አለ፣ ማደንዘዣ፣ ማኔጅመንት፣ የማታውና የርቀት ትምህርቱ ሳይቆጠር። ሰውየው ይህን ሲያወራ አይደክመውም። ስለዚህ ከስድስት ወር በፊት «የሃያ አምስት ዓመቱ ታሪክ በመጽሐፍ ቢወጣስ?» ብላ ስትጠይቀው ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም ነበር። ታሪክ ጸሐፊ ሲሆኑ ሁሉም መዝገብ ይከፈታል።

የመጨረሻውን ረቂቅ ልታስቀምጥ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የራሷ ወረቀት። ጥቁሩ ክር ከጫፉ ተንጠልጥሏል።

«አየሽው?» አለ መስራቹ። «ከመዝገቤ ገልብጠው ያወጡት ነው። እግዜር ይስጠውና አንድ የምርመራ ቢሮ ሰው ዛሬ መለሰልኝ።»

«ማን አወጣው?» ድምፅዋ እንደ ሌላ ቀን ነበር። በዚህ ብቻ ራሷን አደነቀች።

«ቅዳሜ ይነግረኛል። እሱም ከመዝገቡ የሚፈልጋት አንዲት ገጽ አለችው። ምረቃው በሰላም ሲያልፍ ገጹን እሰጠዋለሁ፣ እሱ ሌባዬን ይሰጠኛል። እስከዚያ ዓይንሽን ጣል አድርጊልኝ። መዝገብ ቤት ማን እንደሚገባ እይ።»

ራሷን እንድትጠብቅ አዘዛት። ሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ በሳቀች ነበር።

መስራቹ ረቂቁን ገለጠ። መሀሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይህ የተመራቂዎች ስም ዝርዝር ቢወጣስ? በዚህ ሰሞን ስም ማብዛት ጥሩ አይመስለኝም።»



የስድስት ወር ድካሟ ያ ዝርዝር ነበር። አንድ ሆስፒታል ደውሎ «እገሌ እናንተ ጋ ተምሯል?» ሲል የኮሌጁ መዝገብ ኃላፊ፣ ሬጅስትራሯ፣ መዝገብ ገልጣ «አዎ፣ አለ» ማለት ነበረባት። ስለዚህ ያልተማሩትም ከተማሩት ጋር መዝገቡ ላይ ተጽፈዋል፤ ፎቶ ተለጥፎላቸዋል። የመስራቹ ጥንቃቄ ይህ ነበር። ገጽ ዘጠኝ ላይ ግን የማደንዘዣ ትምህርት ክፍል በአሥራ አራተኛው ዓመት ተከፈተ ይላል፤ መስራቹ ራሱ ሪባን ሲቆርጥ ፎቶው አለ። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ በአሥራ አንደኛው ዓመት ከማደንዘዣ የተመረቁ ሰባት ሰዎች ተዘርዝረዋል። እናታቸው ሳትወለድ የተወለዱ ሰባት ልጆች። እህቷን የገደለው ሦስተኛው ነው።

«ይውጣ ካሉ ይወጣል፣ ጋሼ» አለች። «መጽሐፉ ሠላሳ ስምንት ገጽ ይሆናል እንጂ።»

«ስንት?»

«ሠላሳ ስምንት። ማዶ ያለው ኮሌጅ ያሳተመው ስልሳ ነው አሉ።»

መስራቹ መነጽሩን አወለቀ።

«ያ የትናንት ጨቅላ? ስልሳ ገጽ?»

«ከነሽፋኑ።»

ቀዩ ፊቱ ይበልጥ ቀላ። አረንጓዴ እስክሪብቶውን መዘዘ።

«ዝርዝሩ ይግባ። ምንም እንዳይቀነስ! በየገጹ ግርጌም ፊርማዬ ይታተም። የማን ሥራ እንደሆነ ይወቁት።»

ፈረመ። ገጽ አንድ። ገጽ ሁለት። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ፎቶውን አይቶ ፈገግ አለ። ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ሲደርስ ስልክ እያወራ ነበር።

ቀና ብሎ እንኳን አላየውም።

ረቂቁን በዚያው ቀን ማተሚያ ቤት አደረሰችው። ስትመለስ መዝገብ ቤቱ ውስጥ ሬጅስትራሯ ብቻቸውን ነበሩ። ሁሉም «እትዬ» ይሏቸዋል። ስምንት ወር ሙሉ ምሳቸውን ከሷ ጋር ተካፍለዋል። ሲያስነጥሳት «ይማርሽ» ብለው ሹራባቸውን ያለብሷታል። ሐሰተኞቹ ስሞች ሁሉ የተጻፉት በእሳቸው እጅ ነው፤ ጽሕፈቱን በመጀመሪያው ወር ለይታዋለች። ከዚያ በኋላም ምሳውን በልታለች። 

«የልጄን ጋውን ተኮስሽልኝ?» አሉ እትዬ። ልጃቸው ዘንድሮ በነርሲንግ ትመረቃለች። አራት ዓመት ሙሉ በእግሯ ተመላልሳ ነው የተማረችው።

«ተኩሼዋለሁ።»

«ይባርክሽ፣ እህት ሆንሻት እኮ!»

እትዬ ሲወጡ የሰባተኛውን ዓመት መዝገብ አወረደች። ማኔጅመንት። ትምህርቱ የተከፈተው በዘጠነኛው ዓመት ነው፤ መዝገቡ ግን በሰባተኛው አምስት ተመራቂ አለው። አራተኛው ፎቶ ላይ ጣቷ ቆመ። ጸጉሩ ጥቁር ነው። ጢም አለው። የግራ ጆሮው ጫፍ ግን ያኔም ተቆርጧል።

አናጢው።

የቢሮው ኃላፊ ኮሌጁ ይመርመር ሲል «እኔ እይዘዋለሁ» ብሎ የተነሳው ለዚህ ነበር። የላካት ገጹን እንድታመጣለት ነው። ስታዘገይበት ከመስራቹ ጋር ተስማማ፤ ዋጋው እሷ ናት። የእህቷን ሞት ገመድ አድርጎ ጎተታት።  

መዝገቡን ቦታው መለሰችው። መስረቅ አላስፈለጋትም። የማኔጅመንቱ ዝርዝር ገጽ ሰባ ሦስት ላይ ነው፤ ገጽ ሰባ ሦስት ደግሞ ማተሚያ ቤት ገብቷል።

ቅዳሜ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቶች እልል ይላሉ፣ አባቶች ክራቫታቸውን ይፈታሉ። አንድ ሺህ ሁለት መቶ መጽሐፍ በየወንበሩ ተቀምጧል። የአንዱ ግን ልዩ ነው። የክብር እንግዳው መጽሐፍ ውስጥ ሁለት ቀይ ሪባን አለ፤ አንዱ ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ አንዱ ገጽ ስልሳ አንድ ላይ። እንግዳውን ለመስራቹ የጠቆመችው እሷ ናት። «ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ቢጋብዙ ለኮሌጁ ክብር ነው» አለችው፣ ደስ አለው። የሐኪሙ እጅ ያን ቀን በእህቷ ላይ ቢላ ይዞ እንደነበር አልነገረችውም።

ሁለተኛ ቅጂ አርብ ጠዋት ለቢሮው ኃላፊ ደርሶታል። በሱ ውስጥ ሦስት ሪባን ነበር።

አናጢው በጎን በር አጠገብ አገኛት።

«ሲያልቅ ጓሮ ነይ። መኪና አለ፣ አስወጣሻለሁ።»

«ወዴት?»

«ምን ይመለከትሻል? ነይ ስልሽ ነይ።»

«መጽሐፉን አንብበኸዋል?»

«የምን መጽሐፍ?»

«ገጽ ሰባ ሦስት። ከላይ አራተኛው መስመር።»

ገለጠው። የራሱን ስም አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ቀና ሲል ዓይኑ ውስጥ ያየችው የበቀል ዓይን ነበር፤ ታውቀዋለች፣ በየጠዋቱ መስታወት ውስጥ ስታየው ኖራለች።

ዞሮ ወደ መድረኩ ሮጠ። ደረጃውን ወጣ። ወደ መስራቹ ጆሮ ጎንበስ አለ።

መስራቹ ቀና ብሎ አዳራሹን ቃኘ።

አገኛት።

ጣቱን አነሳ። ሁለት ጥበቃዎች ከግድግዳው ተነቀሉ። አንዱ በቀኝ መጣ፣ አንዱ በግራ። ከኋላዋ በሩ ተቆልፏል።

አልተንቀሳቀሰችም።

«ይቅርታ» አለ የድምፅ ማጉያው። ሐኪሙ ቆመው ነበር። በእጃቸው መጽሐፉን ይዘዋል፣ ሪባኖቹ ተንጠልጥለዋል። «ንግግር ጽፌ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ሁለት ገጽ ብቻ ላንብብላችሁ።»

ገጽ ዘጠኝን አነበቡ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ገጽ ስልሳ አንድን አነበቡ። ሰባቱንም ስም፣ ዓመቱንም። ጭብጨባው መሀል ላይ ሞተ።

«ሦስተኛውን ልጅ አውቀዋለሁ» አሉ። ድምፃቸው ተሰበረ። «ስቀጥረው ወደዚህ ኮሌጅ ደውዬ ጠይቄ ነበር። መዝገብ ላይ አለ ተባልኩ። ከዚያ አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እጄ ላይ ቀረች። ሦስት ዓመት ሙሉ የገደላት ቢላዬ ነው እያልኩ ኖሬያለሁ። ጌታዬ፣ በዚህ ገጽ ግርጌ ያለው ፊርማ የእርስዎ አይደለም?»

 አረንጓዴው ፊርማ በአንድ ሺህ ሁለት መቶ ሰው እጅ ላይ ነበር።

ጥበቃዎቹ ቆሙ። በቀሩት ሦስት በሮች የቢሮው ሰዎች ገቡ። አናጢው ጃንጥላውን ጥሎ ወደ መጋረጃው ሲሸሽ ሁለቱ ትከሻና ትከሻውን ያዙት። መስራቹን እጁን ይዘው አወረዱት። በአጠገቧ ሲያልፍ ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ምን አድርጌሽ ነው?» አላት። ከልቡ ነበር የጠየቀው። አንዱም ስም ትዝ አላለውም።

 ስምንት ወር የጠበቀችው ደስታ መጣላት። ትኩስ ነበር፣ ሙሉ ነበር፣ አላፈረችበትም።

ከዚያ አዳራሹን አየች።

ሦስት መቶ ጋውን የለበሱ ልጆች ዲፕሎማቸውን ጨብጠው ቆመዋል። አንዱ አባት ወረቀቱን ወደ ብርሃን ይዞ ማኅተሙን ያገላብጣል። የእትዬ ልጅ ከወንበር ወንበር እየሄደች «የኔ ትክክለኛ ነው፣ እኔ ተምሬያለሁ፣ ጠይቁ» ትላለች። የሚሰማት የለም። ከዛሬ በኋላ የዚህን ኮሌጅ ስም የትኛው ሆስፒታል በር ላይ ትናገረው?

እትዬን ሁለት ሴቶች ይዘዋቸው ወጡ። አልታገሉም። አጠገቧ ሲደርሱ ቆሙ። ክንዳቸው ላይ የታጠፈ ጋውን ነበር፤ ልጃቸው አውልቃ ጥላው አንስተውታል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። መዝገብ ላይ አለ ያልኩት።» ጋውኑን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። «ልጅቷ ምንሽ ነበረች?»

 ቃሉን ሦስት ዓመት ሙሉ አውጥታ አታውቅም፤ ካወጣችው የምትወድቅ እየመሰላት።

እትዬ መልሱን አልጠበቁም። ጋውኑን ክንዷ ላይ አኖሩት።

«መልሺልኝ። መመለሻው እስከ አሥር ሰዓት ነው። ልጄ ዛሬ እዚያ ባንኮኒ ፊት ቆማ ስሟን እንድትጠራ አልፈልግም።»

ሄዱ።

ባንኮኒው ጋ ሰልፍ የለም። ሰኞ እሷ የቆመችበት ቦታ ላይ የማታውቀው የጽዳት ሠራተኛ ተቀምጣለች። ሴትየዋ ጋውኑን ተቀብላ ግራና ቀኝ እጅጌውን ዳበሰች። መዝገቡን ወደሷ ገፋች።

«ተመራቂዋ ራስሽ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያ ምኗ ነሽ? እዚህ ይጻፋል።»

እስክሪብቶውን አነሳች። 

«እህቷ» አለች።

ጻፈችው። ስም የሚጻፍበትን ባዶ ተወችው። ከዚያ የመዝገብ ቤት ባጇን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተች፣ ከበሩ ውጭ አውቶቡስ ወደሚጠብቁት ሰዎች ሄደች። የተሳፈረችበትን ያየ ሰው አልነበረም።