የሦስተኛው ረድፍ ገመድ

ታላቁ ጦርነት ካበቃ ሦስት ዓመት ሆኖት ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው የጨርቅ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንደገና መጨስ ጀምሯል፤ ነገር ግን ወደ ጦር ሜዳ ከሄዱት ሸማኔዎች የተመለሱት በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ በየሽመና መኪናው ፊት የቆሙት ሚስቶቻቸውና እኅቶቻቸው ነበሩ። አርባ ሴቶች ለሰማንያ መኪና፤ ለእያንዳንዷ ሁለት ሁለት። በዚያ ዓመት ከእነሱ ሰባቱ ጣታቸውን አጡ፤ የሞተች ግን አልነበረችም፤ ለምን እንዳልሞተች የጠየቀም አልነበረም። የፋብሪካው ጌቶች ለሸማኔዎቹ የአሥራ አምስት ቀን የጥንቃቄ ትምህርት እንዲሰጥ አዘዙ፤ ትምህርቱ ፍሬ ማፍራቱን መርምሮ በጽሑፍ እንዲያስታውቅም ዋናውን ጸሐፊ ሾሙ።

ይህ ጸሐፊ ቃል ሳይመዝን ስለማይናገር ሸማኔዎቹ ሚዛን ይሉት ነበር። ታናሽ እኅቱ በሦስተኛው ረድፍ መጨረሻ፣ ከግድግዳው ጥግ ትሠራ ነበር፤ ባሏ ከጦርነቱ አልተመለሰም፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ሥራ ነበር።

በአዳራሹ አንድ የቆየ ልማድ ነበረ። መኪኖቹ ሁሉ ሲንቀሳቀሱ ሰው የገዛ ድምፁን እንኳ አይሰማም፤ ስለዚህ አንዲት አሮጊት ሸማኔ በየረድፉ ጫፍ ካለው ማቆሚያ ዘንግ ላይ ገመድ አስራ፣ ከሴቶቹ ራስ በላይ እስከ ግድግዳው ዘርግታው ነበር። ቀሚሷ ወይም እጇ የተያዘባት ሴት ካለችበት ሆና ገመዱን ብትስብ፣ መዘውሩን የሚያዞረው ቺንጋ ይወልቅና ረድፉ ይቆማል። አሮጊቷንም እማማ ገመድ ይሏት ነበር።

ከሌላ ከተማ የመጣው መምህር ገመዶቹን ቀና ብሎ አያቸውና፣

«ይህ የልብስ ማስጫ ነው?» አለ።

«አዎ ጌታዬ፤ ነፍሳችንን የምናሰጣበት ነው» አለች እማማ ገመድ።

ሴቶቹ ሳቁ፤ መምህሩ አልሳቀም። ገመድ በማስተማሪያ መጽሐፉ ስላልተጻፈ አስፈታው። በምትኩ አደጋ የደረሰባት «አቁሙ» ብላ እንድትጮህ፣ ለዘንጉ የቀረበችውም እንድትስበው አስተማረ፤ ያስተማረው ግን አንዲት መኪና ብቻ በቆመችበት ጸጥ ያለ ክፍል ነበር። በአሥራ አምስተኛው ቀን ሚዛን ፈተናቸው፤ አርባዎቹም ደንቡን ሳይሳሳቱ አነበነቡት።

በማግስቱ ጠዋት ሥራው በተጋጋለበት ሰዓት ሚዛን ወደ አዳራሹ ገብቶ ከእኅቱ ጥግ ቆመና ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ «አቁሙ» ብሎ ጮኸ። ሁለት ጊዜ፤ ሦስት ጊዜ። ከሥራዋ ንቅንቅ ያለች አልነበረችም።

በምሳ ሰዓት እኅቱ እየሳቀች መጣች። «ጋሼ፣ ሌሊት አልተኛህም እንዴ? እኔ ዘንድ ቆመህ ስታዛጋ ዋልህ።»

«እየጮህሁ ነበር» አላት።

ሳቋ ፊቷ ላይ ደረቀ።

በዚያው ቀን እንዲህ ሲል ጻፈ፤ «ሠራተኞቹ ደንቡን ያውቁታል፤ ደንቡ ግን በአዳራሹ አይሠራም፤ ገመዱ ይመለስ።» ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት።

«የፈተናው ቅጽ ላይ ያለፈ የሚል አለ፤ የወደቀ የሚል አለ። ታዲያ አርባዎቹ ወድቀዋል ይሉኛል?» አሉ።

«እነሱ አልፈዋል ጌታዬ። የወደቀው ትምህርቱ ነው።»

«ትምህርቱን ከሥራ ማሰናበት አልችልም፤ የወደቁትን ግን እችላለሁ። ሥራ ፍለጋ በር ላይ የሚውለውን ሰልፍ ያዩታል። እኅትዎስ ከአርባዎቹ አንዷ አይደለችም?»

ማታ ቤቷ ሄዶ ነገራት። ልጆቹን ፊታቸውን እያጠበች ነበር፤ ማጠቧን አላቋረጠችም።

«አልፈዋል ብለህ ጻፍ እንጂ ጋሼ። እነዚህን ምን ላብላቸው? ደግሞ መምህሩ ይሂድልን እንጂ፣ እማማ ገመዱን ቀስ ብላ ትመልሰዋለች።»

እንዳለችው ጻፈ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ በገዛ እጁ ምድጃ ውስጥ ጨመረው።

መምህሩ በሄደ በሦስተኛው ቀን እማማ ገመድ ወንበር ላይ ቆማ ገመዷን ስታስር የአዳራሹ አለቃ ደረሰባት። «ትምህርቱ ፍሬ እንዳፈራ በጸሐፊው እጅ ተጽፎ የለም? ገመድ ምን ያደርግልሻል?» ብሎ በጠሰው፤ እሷንም ከሥራ አሰናበታት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም፤ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ቺንጋው የሚዛንን እኅት እጅጌ ያዘ። እንደ ተማረችው ጮኸች። ጎረቤቷ ሁለት እርምጃ ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ የተበጠሰ ድር ትቀጥል ነበር፤ ቀጥላ ጨርሳ ዞር ስትል አየቻት። ወደ ዘንጉ እየተንደረደረች ሄዳ ሳበችው፤ ረድፉም ቆመ፤ ለሷ ግን አልደረሰላትም።

ነገሩን ሊመረምሩ ሦስት ሹማምንት መጡ። የጠየቁት አንድ ወረቀት ብቻ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁም አቀረቡት።

«ይህ የእርስዎ እጅ ነው?» አሉት ሚዛንን።

«የእኔ ነው። ነገር ግን በአዳራሹ ውስጥ ድምፅ...»

«የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ። ሟቿ ሠልጥና አልፋለች?»

«አልፋለች» አለ።

ስለዚህ ጥፋቱ የራሷ ነው ተብሎ ተፈረደ።

ልጆቿን ሚዛን አሳደጋቸው። ልጆቹ በጓሮ ሲጫወቱ ሥራውን እየተወ በየጊዜው በር ላይ ይወጣ ነበር፤ «ማን ጠራኝ?» ይላል፤ ማንም አልጠራውም።

ያ ትምህርት ወደ ሌሎች አሥራ አንድ ፋብሪካዎች ተላለፈ፤ በየደረሰበትም ገመድ ካለ ተፈታ፤ ማስረጃ ሆኖ የዞረው የሚዛን ጽሑፍ ነበር። ፋብሪካው ሃምሳ ዓመቱን ባከበረ ጊዜ ባሳተመው የታሪክ መጽሐፍ ስለዚያ ዓመት የሚገኘው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ አርባ ሴቶች እንደ ሠለጠኑና አርባዎቹም እንዳለፉ ይናገራል። እኅቱ በዚያ ቁጥር ውስጥ ተቆጥራለች። ገመዱ ግን የትም አልተጻፈም።