ከስምንተኛው ቀረጻ በፊት

ዳይሬክተሩ ሲሞት አጨበጨቡለት።

ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የሚቀርጹት የወጣቶች የፍቅር ኮሜዲ ነበር። መቼም እንዲህ ያለ ፊልም ያላየ የለም፤ ትምህርት ቤቱ ሁሉ የሚያመልካት አንዲት ቆንጆ፣ ማንም ዞር ብሎ የማያያት አንዲት ዓይን አፋር፣ መሀላቸው አንድ ኳስ ተጫዋች፣ መጨረሻው ዘውድና ጭፈራ። ዳይሬክተሩ ደግሞ እያንዳንዱን ትዕይንት ራሱ ተጫውቶ ካላሳየ ካሜራ አያስከፍትም። ማክሰኞ ዕለት፣ አንዱ ትዕይንት ሰባት ጊዜ ተቀርጾ አልጥም ሲለው፣ ተማሪዎቹ ለእረፍት በተበተኑበት ትምህርት ቤት መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ይህ ባለቦርጭ ሰው እንደ አሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ እግሩን አነባብሮ ተቀመጠ። የሌለውን ፀጉር ወደ ኋላ ነሰነሰ፤ ቀዩን ብርጭቆ አንስቶ «ከኔ በላይ ማን አለና!» እያለ ጠጣ። ሩብ ሰዓት ያህል ደጋግሞ አሳየ። ከዚያ ደረቱን ይዞ ከወንበሩ ተንሸራተተ። ሠራተኛው በሳቅ ፈረሰ፤ አጨበጨበ። ጭብጨባው የቆመው ሰውየው አልነሳ ሲል ነው።

ልቡ ድሮም ደካማ ስለነበር ሁሉም ቀኑ ደርሶ ነው አለ፤ ፖሊስም ለደንቡ ያህል ብቻ አዳራሹን አሽጎ ብርጭቆውን ለምርመራ ላከ። ሐሙስ ጠዋት ግን የላቦራቶሪው ውጤት መጣ። ብርጭቆው ውስጥ የልብ ምት የሚያዘገይ ኪኒን ተፈጭቶ ተጨምሯል፤ ለደህና ሰው የሚያዞር፣ ለእሱ ልብ ግን የሚበቃ።

መርማሪዋ ስትደርስ የጣቢያው አዛዥ በር ላይ ጠበቃት። አጭር፣ ቀጭን፣ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። መሥሪያ ቤቱ ከኋላዋ «መርፌ» ይላታል፤ እሷም ታውቃለች፤ ከስሟ ይልቅ ይስማማኛል ብላ ተቀብላዋለች።

«አንቺን ማድከም አልነበረብንም» አለ አዛዡ። «ብርጭቆው የዋናዋ ተዋናይት ነው። ጠረጴዛው ላይ ያኖረችው ደግሞ መብራት ሲስተካከል በእሷ ቦታ እየቆመች የምትውለው ልጅ ናት፤ ‘ጥላ’ ይሏታል። ኪኒኑ የእናቷ ነው፤ እናቷ እዚሁ ልብስ ሰፊ ናት። ዋናዋ ብትታመም ቦታው የጥላ ነው። ሰውየው በስህተት ጠጣው። አለቀ! ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ልጅቷን ይወስዳታል።»

«አለቀ የተባለ ነገር ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚጀምረው» አለች መርፌ። ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር።

ጥላ ባዶ መማሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ስር ተቀምጣ ታለቅሳለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እውነተኛ አሥራ ሰባት።

«ልጄ፣ ብርጭቆው ውስጥ የሚደረገው ምንድን ነው?»

«ቀለም የገባበት ውሃ። ሳሙና ሳሙና ይላል። ንግሥት» አለች፤ ዋናዋን ተዋናይት ማለቷ ነው፤ «ከንፈሯ ላይ ታስጠጋዋለች እንጂ አትውጠውም። ሊፕስቲኳ ይበላሻል።»

«ዳይሬክተሩስ?»

«እሱማ ይጠጣዋል። ‘ውሸት ከከንፈር ይጀምራል’ ይለናል።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። ስንት ቀን አየነው።» ልጅቷ አፍንጫዋን ጠረገች። «እትዬ፣ እስከ ቅዳሜ ይለቁኛል? ቅዳሜ እኮ ውል ልፈርም ነበር። በሚቀጥለው ፊልም ዋናዋ አንቺ ነሽ ብሎኛል። ትምህርቴን ላቋርጥ ሁሉ ተስማምተን ነበር።»

«ትምህርት ምን አደረገሽ?»

«ሦስት ዓመት አንድ ክፍል ተምሬ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ስሜን አታውቀውም። በፊልም ከወጣሁ ግን...» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ፊቷ በእንባው መሀል በራ። 

ንግሥት በሜካፕ ክፍሉ መስታወት ፊት ነበረች። ሠላሳ ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷታል።

«በሚቀጥለው ፊልም እንደማይወስደኝ ሰምቻለሁ» አለች ሳትጠየቅ። «ቦታዬን ለጥላ እንደሰጠም አውቃለሁ። ብገድለው ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽዎትም። ግን ይሄ ፊልም የመጨረሻዬ ነው። ሳያልቅ እሱን ገድዬ ማን ሊያየኝ ነው?»

ፕሮዲውሰሩም ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ያንኑ በሌላ ቃል ተናገረ። «ፊልም በግማሽ ቆሞ ዳይሬክተሩን የሚገድል ፕሮዲውሰር ካለ ወደ አማኑኤል እንጂ ወደ እስር ቤት አይውሰዱት፤ ማለቴ ወደ እብዶች ሐኪም። አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶን ነበር። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ!»

ልብስ ሰፊዋ የስፌት ሳጥኗን ጉልበቷ ላይ አቅፋ ነበር። የደም ግፊት ኪኒኗ ከክሮቹ መሀል ይቀመጣል፤ ሳጥኑ ቁልፍ የለውም።

«ማን ይከፍተዋል?»

«ማን የማይከፍተው አለ እመቤቴ? ክር ያጣ፣ ቁልፍ የወለቀበት ሁሉ እየመጣ ይበረብረዋል።»

«የልጅሽን ውል ማን ያውቃል?»

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። «ማን እንደሚያውቅማ አላውቅም። ያቺ የቀረጻ መዝጋቢ ግን ‘አትፈርሚላት፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ’ ብላ ለምናኝ ነበር። ምቀኛ አልኳት። ሰው የሰው ልጅ ሲያልፍለት ማየት አይወድም።» ድንገት ተነስታ የመርፌን እጅ ያዘች። «እኔ ነኝ የገደልኩት። ልጄን ልቀቋት። እኔ ነኝ።»

«ኪኒኑን መቼ ጨመርሽው?»

«ጠዋት። ሥራ ሳይጀመር።»

«ከሰባተኛው ቀረጻ በኋላ ብርጭቆው ታጥቦ ከጆጉ እንደ አዲስ ተሞልቷል። ጆጉ ደግሞ ንጹሕ ነው። ተቀመጪ። እናት ብሆን እኔም እዋሽ ነበር፤ ግን በዚህ ውሸት የምታተርፊው ገዳዩን ነው።»

የመጨረሻዋ መዝጋቢዋ ነበረች። አንድ ትዕይንት ስምንት ጊዜ ቢቀረጽ ስምንቱም አንድ መምሰል አለበት፤ ወንበሩ ያው ቦታ፣ ፀጉሩ ያው ጎን፣ ብርጭቆው ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ልክ የተሞላ። ይህን እያየች የምትጽፍ፣ የተዛነፈ ነገር ካየች ሥራውን የምታስቆም እሷ ናት። አርባ ያልሞላት፣ ድምፀ ዝቅተኛ ሴት ናት። የሸሚዟ ኪስ ላይ ሰማያዊ ቀለም ፈሷል።

«ከሰባተኛው በኋላ፣ እሱ ሊያሳይ እስኪቀመጥ ምን ያህል ቆየ?»

«አሥር ደቂቃ። መብራት ሲቀየር ነበር። ንግሥት መስታወቷን ልትወስድ ወደ ጠረጴዛው መጣች፤ ፕሮዲውሰሩ ስልኩን እዚያ ረስቶ ነበር፤ ልብስ ሰፊዋም መጥታ የወንበሩን ልብስ አስተካከለች።»

«አንቺስ ብርጭቆውን አየሽው?»

«አላየሁትም። ካሜራ ስላልተከፈተ እኔን አይመለከተኝም።»

«መዝገብሽን ስጪኝ።»

ሳታቅማማ ሰጠቻት። መርፌ ገጾቹን ገለጠች፤ አንዱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ «እስክሪብቶሽ ክዳን የለውም እንዴ? ኪስሽን አበላሸው» አለች።

«ጠፋብኝ። ዕቃ አይደል፣ ይጠፋል።»

መርፌ መዝገቡን ይዛ ወጣች። ከማክሰኞ ጀምሮ ታሽጎ ወደ ቆየው አዳራሽ ሄዳ እጅጌዋን ሰብስባ የቆሻሻ መጣያውን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። አዛዡ እያየ አፍንጫውን ያዘ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። የመኪናው ሞተር ውጭ ይሰማል። ጥላ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛለች።

«አንድ ስህተት ከመጀመሪያው ተሠርቷል» አለች መርፌ። «ብርጭቆው የንግሥት ስለሆነ መርዙም ለንግሥት ነው ተባለ። ንግሥት ግን አትጠጣም። እሱ ይጠጣል። እዚህ የሚሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ጥላም ታውቃለች። ስለዚህ የተፈለገው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው።»

«እሺ፣ ልጅቷ እሱን ብትገድልስ?» አለ አዛዡ።

«ዋና ተዋናይት ላደርግሽ ነው ያላትን ሰው? ቅዳሜን በጣቷ ስትቆጥር የነበረች ልጅ? እናቷም እንደዚያው። ንግሥት ይህ ፊልም ካላለቀ ሞታለች፤ ፕሮዲውሰሩም ከስሯል። በዚያ አሥር ደቂቃ ጠረጴዛው አጠገብ ከነበሩት መሀል ሰውየው በመሞቱ ምንም የማይጎድልባት አንዲት ሰው ብቻ ናት።»

ሁሉም ወደ መዝጋቢዋ ላለማየት ሞከረ፤ ግን አየ። መርፌ መዝገቡን ገለጠች።

«ይህች ሴት ሦስተኛውን ቀረጻ ያስቆመችው አንድ የፀጉር ማስያዣ ስለተንሸራተተ ነው። አምስተኛውን ያስቆመችው ወንበር አንድ ስንዝር ስለተገፋ ነው። ሰባተኛው ላይ ‘መጠጥ፦ ጥርት ያለ’ ይላል። ስምንተኛው፣ ሰውየው ሊያሳይ ከመቀመጡ በፊት፣ ‘መጠጥ፦ እስከ ፕላስተሩ፤ ደፍርሷል’ ይላል።» መዝገቡን ዘጋችው። «ለፀጉር ማስያዣ ሥራ ያስቆመች ሰው መጠጡ ሲደፈርስ አይታ ዝም አለች። ለምን? ብርጭቆው እንዲቀየር አልፈለገችም። እኔን ደግሞ ‘ብርጭቆውን አላየሁትም’ አለችኝ፤ በገዛ እጇ የጻፈችው እያለ።»

ከኪሷ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። ውስጡ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ክዳን አለ።

«ዱቄቱን በምን ይዛ እንደመጣች ኪሷ ላይ የፈሰሰው ቀለም ነገረኝ። ክዳኑ ከቆሻሻው ውስጥ ተገኘ፤ ውስጡ ነጭ ነው። ላቦራቶሪው ነገ ይነግረናል። አንቺ ግን ዛሬ ልትነግሪን ትችያለሽ።»

መዝጋቢዋ ክዳኑን አየችው። ከዚያ ለመርፌ ሳይሆን ለልብስ ሰፊዋ መናገር ጀመረች።

«እህት ነበረችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። በመጀመሪያው ፊልሙ ላይ ቆንጆዋ እሷ ነበረች። መንገድ ላይ ልጆች በሆታ ይከተሏት ነበር። ትምህርቷን ተወች። ውሉ ለአሥር ዓመት ከሱ በቀር ለማንም እንዳትሠራ ይከለክላል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ‘ፊትሽ አረጀ’ አላት። እሱ አይወስዳት፣ ሌላው እንዳይወስዳት ታስራለች። ከቤት መውጣት አቆመች፤ መብላት አቆመች። ሃያ አንድ ሳይሞላት ቀበርኳት። እናት አልነበረንም። ውሉ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ አላወቀሽም?» አለች መርፌ።

«እህቷ መሆኔን አይደለም፣ እሷን ራሷን ረስቷታል። ይሄ ሥራ ውስጥ ለምን እንደገባሁ እኔም አላውቅ፤ እያየሁት ልኑር ብዬ ይሆናል። የተደገመ ነገር አያመልጠኝም፤ እንጀራዬ ነው። ለእሷ ያላትን ለጥላ ቃል በቃል ሲላት ሰማሁ። ለእናቷ ነገርኩ። ምቀኛ አለችኝ።»

«ልጅቷ ስትያዝስ?»

«ልቡ ነው ተብሎ ያልፋል ብዬ ነበር። ዛሬ ሲይዟት ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ፈራሁ። ያን ጊዜም የፈረምኩት ፈርቼ ነው፤ ‘በእህቷ ቀናች’ እንዳይሉኝ።»

«መዝገቡን እንኳ ምነው ባትጽፊው?»

«ደፍርሶ አየሁት፤ እጄ ጻፈው» አለች መዝጋቢዋ በደከመ ድምፅ። «ያን ወረቀት ከፈረምኩ ወዲህ የሐሰት ነገር ጽፌ አላውቅም።»

ልብስ ሰፊዋ ልጇን አቅፋ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ንግሥት ፊቷን በእጇ ሸፍናለች። አዛዡ በመስኮት ለሹፌሩ በእጁ ምልክት ሰጠ፤ ከዚያ ማንን እንደሚወስድ ሊነግረው ወጣ። መርፌ የመዝጋቢዋን ክንድ በቀስታ ያዘች፤ አላሰረቻትም።

በር ላይ ሲደርሱ ከኋላቸው የጥላ ድምፅ ተሰማ። ከእናቷ እቅፍ ወጥታ ፕሮዲውሰሩ ፊት ቆማ ነበር።

«ጋሼ፣ ፊልሙ ይቀጥላል አይደል?»

ፕሮዲውሰሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላ ዳይሬክተር... ብቻ፣ እየፈለግን ነው።»

«የኔስ ውል? አዲሱም ያስፈርመኛል?»

ይህን ስትሰማ መዝጋቢዋ በሩ ላይ ቆመች። ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። «ንገሪያት» አለች። «እባክሽ። እኔን አትሰማኝም፤ አንቺ ንገሪያት።»

እናትየው አፏን ከፈተች። ልጇ ወደ ፕሮዲውሰሩ አንጋጣ በተስፋ ታያለች፤ እንባዋ እንኳ ገና አልደረቀም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት አንገቷን ደፍታ ስትመለስ ያየቻት እናት፣ እንዲህ ያለ ፊት አይታባት አታውቅም። ከአፏ ቃል አልወጣም።