የለቀስተኞቹ ጫማ

«ሙሐሲን ከሞተ፣ ዛሬ ጠዋት ለኔ የመለሰልኝ ማነው?»

ይህ ጥያቄ በልጄ ላፕቶፕ ላይ የመጣው በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ነው። በቀን ብርሃን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ። መካነ ሰላም፣ እዚሁ ቤታችን ውስጥ።



ተረት የሚመስላችሁ አትጠፉም። ወላሂ፣ በዐይኔ ያየሁት ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነውና ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። እናንተም ቀስ ብላችሁ አንብቡኝ።

ልጄ ሙሐሲን በየአገሩ ካሉ፣ በአካል ካላያቸው ሰዎች ጋር ሆኖ የአማርኛ ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ የስልክ ፕሮግራም ይሠራ ነበር። በነጻ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ ይወስዳል፣ የፈለገ ያስተካክላል። የቸገረው ሁሉ እሱን ይጠይቃል። እሱም ምግቡን ትቶ ይመልሳል።

«ቆይ እማ፣ አንድ ሰው እየጠበቀኝ ነው» ይለኛል።

ሁልጊዜ አንድ ሰው ይጠብቀዋል።

በአራት ቀን ትኩሳት ሞተብኝ።

መርዶውን የጻፈችላቸው እህቱ ፈውዚያ ናት። መጀመሪያ አለቀሱ። «ያለ እሱ ምን እንሆናለን?» እያለ ስንት መቶ ሰው ጻፈ። እሷ ታነብልኛለች፣ እኔ አለቅሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ።

«ውሸታሞች!» አሉን። «ደብቃችሁት ነው። እየመለሰልን እኮ ነው!»

ፈውዚያ ደንግጣ ፓስወርዱን ቀየረች።

መልሱ አልቆመም... በሙሐሲን ስም፣ በሙሐሲን አነጋገር። «ቆይ፣ ደረስኩልህ» እያለ...

ገመዱን ነቀለችው። ባትሪው ከሞተ ዓመት ሆኖታል። ስክሪኑ ግን አልጠፋም።

«እማ፣ ሸኽ አሕመድኑርን ልጥራቸው» ብላ እየሮጠች ወጣች።

ወንዶቹ ለዐስር ሶላት መስጊድ ሄደዋል። ቤት የቀረነው እኔና ጎረቤቴ እታገኘሁ ብቻ ነን። እሷም ጓዳ ዕቃ ታጥባለች።

ያን ጊዜ አንድ መስመር መጣ። በሕይወቴ ያለ ሰው እርዳታ ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

«በር ላይ ነን። እንግባ?»

እኛ አገር ለቅሶ የመጣን ሰው ማን ይመልሳል? ደመኛ እንኳ ቢሆን ይገባል። ፊደሎቹን በአንድ ጣቴ ፈልጌ ተጫንኩ።

ግቡ።



ከዚያ የለቅሶው ፍራሽ ጎደጎደ። መጀመሪያ አንዱ ጥግ። ቀጥሎ ሌላው። ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው...

የተቀመጠ ሰው ግን የለም።

እታገኘሁ ከጓዳ ብቅ አለች። ወደ በሩ አይታ ቀረች።

«አስያ...» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይሄ ሁሉ ሰው መቼ ገባ?»

«የት አየሽው?»

«ጫማቸው...»

ደጃፉ በጫማ ተሞልቷል። ሐምሌ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ግቢው ጭቃ ነው። ጫማዎቹ ግን ደረቅ ናቸው። ሁሉም።

መሀላቸው የሙሐሲን ጫማ አለ።

ያን ጫማ ከትናንት ወዲያ ለአንድ የከላላ ሽማግሌ ሰደቃ ሰጥቼዋለሁ።

«በእመቤቴ...» አለች እታገኘሁ።

ስክሪኑ ላይ ሌላ መስመር መጣ።

«እሱ ደክሟል። መልሱ ዘገየብን። ሌላ ሰው ስጡን።»

ቀጥሎ...

«እህቱን። ጣቷ ፈጣን ነው።»

ቀና ስል ፈውዚያ ደጃፉ ላይ ናት። ጎንበስ ብላ ጫማዋን ልታወልቅ...

«እንዳታወልቂ!»

«እማ? ምን ሆነሻል?»

«እንዳትገቢ! በመጣሽበት ተመለሽ!»

«ሸኹ እየመጡ ነው እኮ—»

«ሂጂ አልኩሽ! እታገኘሁ፣ ይዘሽልኝ ውጪ!»

እታገኘሁ በባዶ እግሯ ጫማዎቹን ዘላ ወጣች። የልጄን እጅ ይዛ ስትጎትታት አየሁ። ፈውዚያ እየጮኸች ትጠራኛለች። ዞሬ አላየኋትም።

ቁጭ ብዬ በአንድ ጣቴ ጻፍኩ።

«እኔ አለሁ። ልጆቼን ልቀቁ።»

ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። እነሱም ጠበቁኝ።

«ይቺ ፊደል ቆጣሪ?» አለ አንዱ ስክሪኑ ላይ።

«ቀርፋፋ!»

«የሱን ሥራ እሷ? ታሾፋለች እንዴ?»

ከዚያ አንድ የመጨረሻ መስመር መጣ።

«ግድ የለም። ትማራለች።»

ሸኽ አሕመድኑር መጡ። ጫማዎቹን አዩ። ደጅ እንደቆሙ ዱዓ አድርገው ተመለሱ። አልገቡም።

በማግሥቱ ጠዋት ስወጣ የሙሐሲን ጫማ ከቦታው የለም። ከደጃፉ እስከ ግቢው በር ጭቃው ላይ ዱካ አለ። ወደ ውጭ ብቻ የሚሄድ።

የሱ ጫማ በነበረበት ቦታ የኔ ጫማ ተቀምጧል። ደረቅ።

ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ። ጫማዬ እግሬ ላይ ነው።

ፈውዚያ ደሴ ገባች፤ እንዳትመጣ አስምያታለሁ። እታገኘሁ ከአጥር ወዲያ ሆና ነው የምታናግረኝ። ሙሐሲንም ሄደ።

እኔና እነሱ ቀረን።